ለልጁ ድካም ምን መለስንለት?

ባሕር ዳር ላይ ለመምህራንና ለዕጩ መምህራን ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ። በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎችም አንዱን ጨምሬበታለሁ።

እንደምን አረፈዳችሁ፣ መምህራን።

ከዘጌና ከመሸንቲ ድረስ የመጣችሁ አላችሁ። የዕረፍት ቀናችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሚድ ፈተና ገና ማለቁ ነው። አብዛኞቻችሁን ቤት ውስጥ ያልታረመ ወረቀት ተቆልሎ እንደሚጠብቃችሁ አውቃለሁ። የማወራውም ስለዚያው ክምር ነው።

አንድ ወረቀት ላሳያችሁ። የ6ኛ ክፍል የሒሳብ ቴስት ነው። ጥያቄው 2/3 ሲደመር 1/4 ስንት ይሆናል ይላል። ልጅቷ 3/7 ብላለች። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አድርጎበታል። ቀጥሎ ያለውም ጥያቄ ያው ስሕተት፣ ያው ኤክስ። ከ10 2 አግኝታለች። ወረቀቱ ላይ ከዚህ ሌላ የመምህር ጽሑፍ የለም።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። ላዕሎቹን፣ 2 እና 1ን፣ ደምራ 3 አለች። ታሕቶቹን፣ 3 እና 4ን፣ ደምራ 7 አለች። መደመሩ ላይ አልተሳሳተችም። ታዲያ ይህን አሠራር ከየት አመጣችው? እኔ እንደሚመስለኝ ከእኛው ነው። አንድ ቴስት ላይ ከ3 2 ታገኛለች። ሌላው ላይ ከ4 1 ታገኛለች። መምህሯ ሲደምርላት ከ7 3 ይላታል። ማርክ የሚደመረው እንደዚያ ነው፤ ልክ ነው። ማርክ ሲደመር እያየች ያደገች ልጅ ክፍልፋይም እንደዚያ ይደመራል ብትል ምን ይገርማል?

አሁን አጠገቧ ቁጭ በሉና አንድ ነገር ጠይቋት። «ሁለት ሦስተኛ ዳቦ አለሽ። ሩብ ዳቦ ልጨምርልሽ። አሁን ያለሽ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» በጣም ይበልጣል ትላችኋለች። «3/7ስ?» ትንሽ ታስብና ከግማሽ በታች መሆኑን ራሷ ታገኘዋለች። ተጨምሮላት አነሰ! እዚህ ላይ ዓይኗ ይከፈታል። ሁለቱንም በ12 ብንለውጣቸው ስትሏት፣ 8/12 እና 3/12፣ ድምሩ 11/12፣ ያን ጊዜ ነገሩ ትርጉም አለው። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ላይ በደንብ እንግባባ። ለዚህ ወረቀት ማርክ ጨምሩ እያልኩ አይደለም። መልሱ ስሕተት ነው፤ ለ3/7 ማርክ አይሰጥም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ አስባለች፣ ለፍታለች፣ ሐሳቧን ወረቀት ላይ በግልጽ አስቀምጣለች። ለዚያ ልፋት ከእኛ ያገኘችው ምላሽ ምንድን ነው? ኤክስ ብቻ። ኤክሱ መሳሳቷን እንጂ የት ጋ እንደሳተች አይነግራትም። በሚቀጥለው ቴስት ያንኑ ትደግማለች። ዓመቱ ሲያልቅ «እኔ ሒሳብ አይገባኝም» ትላለች። እኛም ሰነፍ ናት እንላለን።

የተማሪ ልፋት የሚከበረው ሲነበብ ነው ብዬ አምናለሁ። ማርኩ እውነቱን ይናገር፤ ከእውነቱ አይብለጥ፣ አይነስ። ከጎኑ ግን የመምህር ቃል ይኑር። ከዚያም ልጁ ያንን ቃል ይዞ እንደገና የሚሞክርበት ዕድል ይኑር። በርኅራኄ ማረም የምለው ይህንን ነው።

ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ አገር ለተማሪ ማዘን ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ማርክ ማደል ነው። «ቲቸር፣ 3 ማርክ ብቻ ጨምርልኝ» ይላል ልጁ። ወላጅ ይመጣል። ቢሮ ትጠራላችሁ። «ይለፍ፣ አንተ ምን ቸገረህ?» ይባላል። እንዲህ አድርጎ መወደድ ቀላል ነው፤ እስክሪብቶ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

ውጤቱን ግን አይተነዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 5.4 በመቶ። እነዚህ ልጆች እስከዚያ ድረስ ከክፍል ክፍል ያለፉት እኛ በሰጠናቸው ማርክ ነው። እርግጥ ነው፣ ጥፋቱ የማርክ ብቻ አይደለም። የመጽሐፍ እጥረት ነበር፣ ኮሮና ነበር፣ ጦርነት ነበር። ሆኖም በየዓመቱ «ጎበዝ» እየተባለ ያደገ ልጅ አለመቻሉን የሚሰማው በ18 ዓመቱ፣ ከቤቱ ርቆ፣ በማያውቀው አዳራሽ ውስጥ ከሆነ፣ ያ ልጅ ተታሏል። ያዘንንለት መስሎን ነው ያታለልነው። በጊዜው፣ ገና 6ኛ ክፍል እያለ፣ ክፍልፋይ አልገባህም፣ ና ላሳይህ ያለው ሰው ቢኖር ኖሮ!

የመምህር ቃል ያን ያህል ይሠራል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ እስራኤል ውስጥ ያደረጉትን ጥናት በ1988፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ አሳትመው ነበር። ተማሪዎቹ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ለአንዱ ቡድን ማርክ ብቻ ተሰጠ። ለሌላው አስተያየት ብቻ። ለሦስተኛው ማርክም አስተያየትም። በቀጣዩ ሥራቸው የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ሆኑ። በጣም የሚገርመው ሦስተኛው ቡድን ነው። ሁለቱንም አግኝተው፣ ማርክ ብቻ ካገኙት ብዙም አልተሻሉም። ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ይህ አይጠፋውም። ወረቀት ስትመልሱ ልጁ ቁጥሩን ያያል፤ ከዚያ አንገቱን አስግጎ የጎረቤቱን ቁጥር ያያል፤ ከዚያ ወረቀቱ ደብተር ውስጥ ይገባል። አስተያየታችሁ ሳይነበብ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንዲህ ሞክሩ፤ ወረቀቱን አስተያየት ብቻ ጽፋችሁበት መልሱ። ልጆቹ ስሕተታቸውን ክፍል ውስጥ ያርሙ። ማርኩን በማግስቱ ስጧቸው። የመጀመሪያ ቀን ያጉረመርማሉ፤ ግድ የለም።

ማርኩ ራሱም ቢሆን እኛ የምንገምተውን ያህል ጽኑ አይደለም። በፈረንጆቹ 1912 ስታርችና ኤልየት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የአንድን ተማሪ የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት አባዝተው ለብዙ ትምህርት ቤቶች ላኩት። ከ140 በላይ መምህራን አረሙት። ወረቀቱ አንድ ነው። አንዱ መምህር 64 ሰጠ፤ ሌላው 98 ሰጠ። እነዚያ መምህራን ክፉዎች አልነበሩም። አንዱ ለሰዋስው ይጨነቃል፣ ሌላው ለሐሳብ፣ ሌላው ለእጅ ጽሑፍ። አንዱ ጠዋት አርሟል፣ አንዱ ሲመሽ ደክሞት። እኛም ዘንድ ያው ነው። መብራት ጠፍቶ በሞባይል ባትሪ የታረመ ወረቀትና ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየጠጡ የታረመ ወረቀት እኩል አይታዩም። ከክፍሉ ጎበዝ ወረቀት ቀጥሎ የመጣ መካከለኛ ወረቀት ደካማ ይመስላል።

ለዚህ መፍትሔው ከባድ አይደለም። ስሙን አጥፋችሁ እረሙ። ከአንድ ልጅ ወረቀት ወደ ሌላው ከመዝለል፣ የሁሉንም ልጆች 1ኛ ጥያቄ ጨርሳችሁ ወደ 2ኛው ሂዱ። መጀመሪያ ምንም ሳትጽፉ አሥር ያህል ወረቀት አንብቡ። ልጆቹ የት ጋ እንደተሳሳቱ ያን ጊዜ ይታያችኋል። እዚያች 3/7 ላይ የቆመችው አንዲት ልጅ ብቻ እንዳልሆነች ታያላችሁ፤ የክፍሉ ግማሽ እዚያው ነው። ያ ደግሞ ስለ ልጆቹ ብቻ ሳይሆን ስለ እኛ ትምህርትም የሚናገረው አለው።

«ጊዜው ከየት ይመጣል?» የሚለውን ጥያቄ ፊታችሁ ላይ እያነበብኩ ነው። እውነታችሁን ነው። 60 ልጅ ያለበት ክፍል፣ አምስት ሴክሽን፣ 300 ወረቀት። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ብትሰጡት 10 ሰዓት ነው። ይህን በደመወዛችሁ ላይ ተጨማሪ ሳይኖር፣ ከልጆቻችሁ ጊዜ ላይ ቀንሳችሁ ነው የምታደርጉት። ሁሉንም ወረቀት፣ ሁሉንም መስመር አንብቡ የሚላችሁ ሰው ክፍል ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እኔ የምላችሁ፣ ከፈተናው አንድ ጥያቄ ምረጡ። የልጁ አስተሳሰብ የሚታይበት፣ አሠራሩን አሳይ የሚል ጥያቄ ይሁን። የቀረውን እንደተለመደው ራይትና ኤክስ አድርጋችሁ እለፉ። ያችን አንዷን ግን አንብቡ። አንድ መስመርም ጻፉ። «እስከዚህ ልክ ነው፤ ከዚህ በኋላ ታሕቱን ተመልከች» የሚል ይበቃል። በሚቀጥለው ፈተና ሌላ ጥያቄ ትመርጣላችሁ።

ሁለተኛ ዕድል ያልኩትም እንዲሁ በልክ ይሁን። የተሳሳተውን ጥያቄ አርሞ፣ ለምን እንደተሳሳተ በራሱ ቃል ጽፎ፣ ያንን የመሰለ ሌላ ጥያቄ ፊታችሁ ሠርቶ ያሳየ ልጅ የጎደለውን ማርክ ያስመልስ። ይህ ማደል አይደለም። አሁን ችሏል፤ ማርኩ የአሁኑን ይናገር። በጥቅምት አለመቻሉ እስከ ሰኔ ለምን ይከተለዋል?

ወደ ዜሮ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ስሜታዊ ብሆን ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ነገሩ ያንገበግበኛል። አንድ ልጅ ከ20 የታሰቡ አራት ቴስቶች አሉበት። ሦስቱን 16፣ 16፣ 16 አመጣ። አራተኛው ቴስት በተሰጠበት ቀን ቀረ፤ ዜሮ ተጻፈበት። ድምሩ ከ80 48 ነው። 60 በመቶ ማለት ነው። ይህ ልጅ ትምህርቱን 80 በመቶ እንደሚያውቅ ሦስት ጊዜ አሳይቷል። ካርዱ ግን 60 ይላል። ዜሮው ልጁ አያውቅም ይላል፤ እውነቱ ግን አላየነውም ነው። ዲሲፕሊን ይጠበቅ ከተባለ፣ ለመቅረት የሚሆን ሌላ ቅጣት ይፈለግ። የሒሳብ ማርክ ስለ ሒሳብ ብቻ ይናገር።

ለምን ቀረ ብሎ መጠየቅም አለ። ከገጠር መጥተው ባሕር ዳር ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰብ ይወጣሉ። እሑድ ማታ እንጀራውን፣ በሶውን፣ ድርቆሹን ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቅ ሳይደርስ የቀረ ሳምንት እንዴት እንደሚያልፍ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ለዚህ ልጅ «አሳይመንቱ ሰኞ ጠዋት፣ ታይፕ ተደርጎ፣ ከነ ከቨሩ» እንለዋለን። ታይፕ ማስደረጊያውና ፕሪንት ማድረጊያው ለእሱ የሁለት ቀን ምሳ ነው። በእጁ አሳምሮ ጽፎ ሲያመጣ ማርክ ይቀነስበታል። የከቨር ማርክ የሚባል ነገር እኔ ፈጽሞ አይገባኝም። ያ ማርክ የተሰጠው ለልጁ ነው ወይስ ለአባቱ ኪስ?

ደግሞም የዚህ ክልል ልጆች ያለፉት ዓመታት እንዴት እንደነበሩ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም። በየወረዳው ትምህርት ቤቶች ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት ተዘግተው ነበር። ሁለት ዓመት ያልተማረ ልጅ 8ኛ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ ታዩታላችሁ። እሱን ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር በአንድ ቁጥር ለክቶ «ደካማ» ማለት ልክ አይመስለኝም። ይልቅ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ የሚለውን የሚያሳይ ነገር ያስፈልገናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ያመጣው ለዚህ ነበር፤ ልጁን በየጊዜው እየተከታተልን እንድናግዘው። በተግባር ግን ትንንሽ ፋይናሎችን ደርድረን ተከታታይ ምዘና አልነው። በየሳምንቱ ፈተና፣ በየሳምንቱ ማርክ፣ በመሃል ምንም እርዳታ የለም።

ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ በዚህ በጣና ዙሪያና በጎጃም ያለውን የቅኔ ጉባኤ ቤት አስቡ። ተማሪው ራቅ ብሎ ብቻውን ሆኖ ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያዳምጡታል። ቤት አልመታም፣ ምሥጢሩ ጎድሏል፣ እዚህ ጋ አቃና ይሉታል። ከ10 4 አገኘህ የሚል የለም። በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እሷን ሳይችል ወደ ቀጣዩ የቅኔ ዓይነት፣ ወደ ዘአምላኪየ አይሻገርም። ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ሲደርስ በእውነት ደርሷል። አንዱ በቶሎ ይደርሳል፤ አንዱ ይቆያል። የቆየው አይሰደብም፣ ያልቻለውም ችለሃል አይባልም። በዚያ ቤት አለንጋም ረሃብም እንደነበረ አውቃለሁ፤ እሱን አልናፍቅም። የተማሪው ሥራ ሁልጊዜ ሰሚ ነበረው፤ እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጣና ቂርቆስ ተቀምጧል እየተባለ ስለሚነገር የዚህ አካባቢ ሰው እንደ ራሱ ቅዱስ ያየዋል። ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ተገርፎ፣ ሸሽቶ ሲሄድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ትሏ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየ። ይህን ለተማሪዎቻችን መቶ ጊዜ ነግረናቸዋል። «እንደ ትሏ ታገሱ» እንላለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ዘለነዋል። ያሬድ ተነስቶ ወደ አጎቱ ወደ አባ ጌዴዎን ተመለሰ። አባ ጌዴዎንም ተቀበሉት፤ እንደገና አስተማሩት። ባይቀበሉትስ ኖሮ? «ባለፈው ወድቀሃል፣ ሮስተሩ ተዘግቷል» ቢሉትስ? ለተማሪው የትሏን ጽናት ስንሰብክ፣ ለራሳችን የጌዴዎንን በር መርሳት የለብንም።

ባሕር ዳር የመምህር ከተማ ናት። ዛሬ ፔዳ፣ ፔዳጎጂ ለማለት፣ የምንለው ግቢ በ1960ዎቹ ሲከፈት መምህራንን ሊያሠለጥን ነው። ከፖሊቴክኒኩ፣ ከፖሊ ጋር ተዋህዶ በ1992 ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ስሙ ፔዳ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ግቢ የወጣ መምህር ያላስተማረበት የአገራችን ጥግ ያለ አይመስለኝም። ዕጩ መምህራን፣ ለእናንተ በተለይ የምለው አለኝ። ስታስተምሩ መጀመሪያ የምትለማመዱት ወረቀት አመላለስን ይሁን። እየጠሩ «ዜሮ!» ብሎ ክፍሉን የሚያስቅ መምህር ታውቃላችሁ፤ ሁላችንም ደርሶብን ወይ አይተን አልፈናል። ወረቀቱን ገልብጣችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት። ምንም ወጪ የለውም።

ስለ ካርድ አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። አንድ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር አማካይ ውጤቱ 41 ነበር፤ በሁለተኛው 53 ሆነ እንበል። ብዙ ሌሊት ያለቀበት ነው። ደረጃው ግን ከ52ኛ ወደ 50ኛ ነው የመጣው። አባቱ የሚያየው 50ኛውን ነው፤ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ቁጣ ነው። ካርዱ ላይ ለክፍል ኃላፊው አስተያየት የምትተው ቦታ አለች። ሁሌ «በርታ» ተብሎ ይጻፍባታል። እዚያች ላይ «በ12 ነጥብ አሻሽሏል፤ በተለይ ሳይንስ ላይ» ብላችሁ ጻፉ። ማንበብ የማይችል አባት ያስነብበዋል።

ከጥያቄዎቹ መካከል

አንድ ከዘጌ የመጡ መምህር እንዲህ ሲሉ ጠየቁ። «እኛ ጋ የቡና ለቀማ ሲደርስ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። ልጆቹ ሲመለሱ ቴስቱ አልፏል። ለሁሉም ሌላ ፈተና ማውጣት አልቻልኩም። ዜሮ ካልሰጠሁ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ማንም አይመጣም። ምን ላድርግ?»

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የሁላችንም ነው። ዘጌ እንደሚያውቁት በሬ ተጠምዶ አይታረስበትም። ቡናው ሳይለቀም ቀረ ማለት የቤተሰቡ ዓመት ጠፋ ማለት ነው። ልጅቷን ከለቀማ የሚያስቀር ዜሮ የለም፤ ዜሮው የሚያስቀራት ከትምህርት ነው። እኔ ብሆን ሴሚስተሩ ሲጀመር አንድ ቀን ከወላጆች ጋር እቀመጥ ነበር። ለቀማው መቼ እንደሚጠነክር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የቴስቱን ቀን ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ አብረን እንቆርጣለን። ቀኑን ራሳቸው ከተስማሙበት ደግሞ ልጃቸውን ላለማስቀረት ቃል የመግባት ግዴታ አለባቸው። ያን ጊዜ እርስዎም የሚጠይቁበት አፍ ያገኛሉ።

በለቀማው ምክንያት ቴስቱ ያመለጣቸውን ልጆች በተመለከተ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ፈተና አያስፈልግም። አንድ ተጨማሪ ፈተና ብቻ አዘጋጅተው ሁሉንም በአንድ ቀን ይፈትኗቸው። ጥያቄው ግን አይቅለል። ቡና ስትለቅም የሰነበተችውም ልጅ ክፍልፋይ መደመር መቻል አለባት። የምትፈልገው አንድ ሳምንት ነው።

መምህሩ ደግመው «እስከዚያ ሮስተሩ ላይ ምን ልጻፍ?» አሉ።

ምንም። ሮስተሩ እስኪዘጋ ድረስ ቦታውን ባዶ ይተዉት። ዳይሬክተሩ ከጠየቁዎት ልጅቷ ገና አልተፈተነችም ይበሏቸው።